ውኃና ነፋስ የቀረጹት ዐለት፣ አባቶች ያነጹት መቅደስ፡ ወደ ገርዓልታ ለሚጓዙ ምእመናን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በምሥራቃዊ ትግራይ፣ በሐውዜን አካባቢ፣ ከሜዳው ላይ ድንገት ቀጥ ብለው የሚነሡ ቀያይ ተራሮች አሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው የፈረሰ ታላቅ ከተማ ቅጥር፣ ወይም ጎን ለጎን የቆሙ ዐምዶች ይመስላሉ። እነዚህ የገርዓልታ ተራሮች ናቸው። በገደላቸው ላይ፣ በዋሻቸው ውስጥና በጫፋቸው ላይ ከጥንት ጀምሮ ቅዳሴ የሚቀደስባቸው፣ ማኅሌት የሚቆምባቸው፣ ሕፃናት የሚጠመቁባቸው ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ።

ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ የሚጓዘው ምእመን አብዛኛውን ጊዜ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ታሪክ ይጠይቃል እንጂ ስለ ተሸካሚያቸው ዐለት እምብዛም አይጠይቅም። ነገር ግን ዐለቱን ያላወቀ ሰው አባቶች ምን እንደሠሩ በሙሉ ሊረዳ አይችልም፤ ከዚህም በላይ ሳያውቅ የሚጎዳውን ነገር ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የገርዓልታ ዐለት ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ውኃና ነፋስ እንዴት እንደ ቀረጹት፣ አባቶች ስለ ምን እንደ መረጡት፣ በመጨረሻም ተጓዡ ምእመን በምን ዓይነት ጥንቃቄና መንፈሳዊ ዝግጅት ሊሳለመው እንደሚገባ እንመለከታለን።

አሸዋው እንዴት ዐለት ሆነ?

የገርዓልታ ዐለት የአሸዋ ድንጋይ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ይህ ድንጋይ አስቀድሞ አሸዋ ነበር። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ይህን ዐለት “የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ” ብለው ይጠሩታል፤ በአዲግራት ከተማ አካባቢ በስፋት ስለሚታይ ስሙን ከዚያ አገኘ። እንደ እነርሱ ጥናት ይህ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ታላላቅ ወንዞች ከከፍተኛ ቦታ እየጠረጉ ያመጡት አሸዋ በዝቅተኛው ምድር ላይ በየጊዜው እየተነጠፈ ተከማቸ። አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ እየተደረበ ሲሄድ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ተጫነው፤ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለፈው ውኃም የተሸከማቸውን ማዕድናት በየቀዳዳው እየተወ ቅንጣቶቹን እርስ በእርስ አጣበቃቸው። በዚህ መንገድ በእጅ ሲዘገን በጣት መካከል የሚያፈስሰው አሸዋ ዐለት ሆነ።

ተራሮቹን ያቀላቸው በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ብረት ነው። ብረት ከአየርና ከውኃ ጋር ሲገናኝ እንደሚዝግ ሁሉ በዐለቱ ውስጥ ያለውም ብረት ዝጎ ቀይና ቡናማ ቀለም ሰጠው። ውኃ ብረቱን አጥቦ በወሰደበት ቦታ ደግሞ ዐለቱ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ መልክ ይይዛል። ተጓዡ ገደሉን ቀረብ ብሎ ቢያይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ንጣፎችን ያገኛል፤ እያንዳንዱ ንጣፍ አንድ ጊዜ ውኃ አምጥቶ ያነጠፈው አሸዋ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሕር መጥቶ ምድሪቱን እንደ ሸፈነና በአሸዋ ድንጋዩ ላይ የኖራ ድንጋይ እንዳነጠፈ፣ ኋላም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የእሳተ ገሞራ ቅላጭ በሰሜን ኢትዮጵያ ምድር ላይ እንደ ፈሰሰ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ። የዘመኑን ቁጥር ማስላት የጥናቱ ድርሻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለልጆቿ የምታስተምረው የሁሉን ፈጣሪ ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት በሦስተኛው ቀን ውኆች በአንድ ስፍራ እንዲሰበሰቡና የብስ እንዲገለጥ እግዚአብሔር እንዳዘዘ እንማራለን (ዘፍ. 1፥9)። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስም በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት፣ ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን መሆኑን ያስታውሰናል (2ኛ ጴጥ. 3፥8)። ስለዚህ በገርዓልታ ዐለት ፊት የቆመ ምእመን የዘመኑ ርዝመት ሊያስደነግጠው አይገባም፤ ይልቁንስ የእግዚአብሔርን ትዕግሥትና ጥበብ ሊያደንቅ ይገባዋል።

ዐለቱ እንዴት ይህን መልክ ያዘ?

ምድሪቱ ከፍ እያለች ስትሄድ ዐለቱ ተሰነጣጠቀ። በገርዓልታ ያሉት ታላላቅ ስንጥቆች ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው የሚወርዱ ናቸው። የክረምት ዝናብ በእነዚህ ስንጥቆች ገብቶ ቅንጣቶቹን ያያያዘውን ማጣበቂያ ቀስ በቀስ ያሟሟል። ቀን ፀሐይ ያጋለውን ዐለት ሌሊት ብርድ ያቀዘቅዘዋል፤ በዚህ መለዋወጥ ላዩ ይላላል። የላላውን ቅንጣት ዝናብ ያጥበዋል፤ ነፋስም ይወስደዋል። ከበታች ያለው ለስላሳ ንጣፍ ቀድሞ ሲሸረሸር የላይኛው ጠንካራ ንጣፍ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ጊዜው ሲደርስም በስንጥቁ መሥመር ተገምሶ ይወድቃል። ገደሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደረገው ይህ ነው።

ስንጥቆቹ እየሰፉ ሲሄዱ አንድ የነበረው ተራራ ይከፋፈላል። በመጀመሪያ ጠባብ መተላለፊያ፣ ቀጥሎ ሸለቆ፣ በመጨረሻም ለየብቻቸው የቆሙ ዐምዶችና ሾጣጣ ጫፎች ይሆናሉ። ዛሬ ከሜዳው ሆነን የምናያቸው የገርዓልታ ጫፎች ከዚህ ሁሉ መፍረስ የተረፉ ናቸው። በእግራችን የምንረግጠው የሜዳው ቀይ አሸዋም ከእነርሱ የወደቀ ነው፤ አሸዋ የነበረው ዐለት ተመልሶ አሸዋ ሆኗል ማለት ነው። ጻድቁ ኢዮብ ተራራ ወድቆ እንደሚጠፋ፣ ውኃም ድንጋይን እንደሚበላ ሲናገር (ኢዮ. 14፥18-19) ያመለከተው ይህንኑ ለዓይን የሚታይ ነገር ነው።

አባቶች ይህን ዐለት ስለ ምን መረጡት?

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ ሀገራችን የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን ወንጌልን በማስፋፋት፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመተርጎምና የምንኩስናን ሕይወት በማጽናት ይታወቃሉ። ከእነርሱም መካከል አብዛኞቹ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ተራራና ገደል መርጠው በዓታቸውን አጸኑ። አቡነ አረጋዊ በደብረ ዳሞ፣ አቡነ ይምዓታ ደግሞ በገርዓልታ በዓታቸውን እንዳደረጉ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይመሰክራል።

ይህ ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛው ምክንያት መንፈሳዊ ነው። ሙሴ የእግዚአብሔርን ክብር ሊያይ በለመነ ጊዜ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ተሰውሮ ቆመ (ዘፀ. 33፥22)። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ አድሮ ተራሮችን የሚሰነጥቅ ነፋስ አለፈ፤ እግዚአብሔር ግን በነፋሱ አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በለሆሳስ ተናገረው (1ኛ ነገ. 19፥11-12)። የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ቅዱስ ሥጋ ያረፈውም ከዐለት በተወቀረ መቃብር ነበር (ማቴ. 27፥60)። ስለዚህ ለመነኮስ አባት የዐለት ዋሻ ከዓለም የሚሞትበት መቃብርም፣ ትንሣኤን የሚጠባበቅበት ስፍራም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዐለቱ ጠባይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ላዩ ለዘመናት ከውኃና ከፀሐይ ጋር በመገናኘቱ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል፤ ውስጡ ግን ከላዩ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው። ቅርፊቱን በትዕግሥት የሰበረ ጠራቢ ውስጡን በመጥረቢያና በመሮ እየፈለፈለ ዐምድ፣ ቅስት፣ ጉልላት ሊያወጣለት ይችላል። የቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የታነጹበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን፣ የገርዓልታው ደግሞ ከአሸዋ የሆነ ነው፤ በሁለቱም ስፍራ ግን አባቶች የዐለቱን ጠባይ ጠንቅቀው እንዳወቁ ሥራቸው ይናገራል። የት ስንጥቅ እንዳለ፣ የት ውኃ እንደሚወርድ፣ የትኛው ንጣፍ ጣሪያ ሊሆን እንደሚችል ሳያውቁ ከአንድ ዐለት ቤተ መቅደስ ማውጣት አይቻልም። ከድንጋይና ከእንጨት የሚሠራ ሰው ቢሳሳት አፍርሶ መልሶ ይገነባል፤ ከዐለት የሚፈለፍል ግን አንዴ የቆረጠውን መልሶ ሊያስቀምጥ አይችልም።

ሦስተኛው ምክንያት ጥበቃ ነው። ገደሉ ንዋያተ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን ከዘራፊ፣ መነኮሳቱን ደግሞ ከዓለም ሁከት ጠብቋል። ደረቅ አየርና የዐለት ጣሪያ ሥዕላቱን ለብዙ መቶ ዓመታት አቆይቷል።

በተራሮቹ ላይ ያሉ ቅዱሳት መካናት

በትግራይ ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ቁጥር ከ120 በላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ ዝርዝራቸውን ባቀረቡ ጊዜ ብዙ የውጭ ተመራማሪዎች ተደንቀዋል፤ የአካባቢው ምእመናን ግን ለዘመናት ሲቀደስባቸው ስለ ኖሩ “ተገኙ” የሚባሉ አልነበሩም። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ በገርዓልታ ይገኛሉ።

አቡነ ይምዓታ ጉሕ በቀጥተኛ ዐምድ ጫፍ አጠገብ የተፈለፈለ ነው። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ዳገት ነው፤ ቀጥሎ እጅና እግር ማስገቢያ ብቻ ያለው ቀጥ ያለ ዐለት ይመጣል፤ በመጨረሻም ከ200 ሜትር በላይ በሚወርድ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ጠባብ መረገጫ ይገኛል። በሩን አልፎ የገባ ምእመን በጣሪያው ሁለት ጉልላቶች ላይ የሐዋርያትንና የተስዓቱ ቅዱሳንን ሥዕላት ያገኛል። ሥዕላቱ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደ ተሣሉ ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። በዚያ ገደል ላይ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ለጥምቀት ይወጣሉ፤ ለአካባቢው ሕዝብ ጉሕ የሰበካው ቤተ ክርስቲያን ነውና።

ማርያም ቆርቆር በገርዓልታ ካሉት ሰፋፊዎቹ አንዷ ናት፤ ከዐለቱ ሳይለዩ የቆሙ ዐምዶቿና ቅስቶቿ፣ በግድግዳዋም ላይ ያሉት ጥንታውያን ሥዕላት ይታወቃሉ። በአቅራቢያዋ በገደሉ ጠርዝ ላይ ትንሹ ዳንኤል ቆርቆር ይገኛል። ደብረ ጽዮን አብርሃም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአቡነ አብርሃም ስም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ያለው ጠባብ የጸሎት ክፍልና በውስጡ የሚጠበቀው ከብራና የተሠራ ባለ ሥዕል መራወሕት ዝነኞች ናቸው። ከውቅሮ ወደ ሐውዜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አብርሃ ወአጽብሐም ከዚሁ የአሸዋ ድንጋይ የተፈለፈለ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የትግራይ ቅዱሳት መልክዐ ምድሮች በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ እንዲሰፍሩ ቀርበዋል። ለምእመናን ግን እነዚህ ስፍራዎች ቅርስ ከመባላቸው በፊት የእግዚአብሔር ቤት ናቸው፤ ታቦት ያለባቸው፣ መሥዋዕት የሚቀርብባቸው። ይህ ቅደም ተከተል የጉዞአችንን ጠባይ ይወስነዋል።

ከዐለቱ የምንማረው

ጌታችን በወንጌል ቤቱን በዐለት ላይ የሠራውን ልባም ሰውና በአሸዋ ላይ የሠራውን ሰነፍ ሰው ለይቶ አስተምሯል (ማቴ. 7፥24-27)። የገርዓልታ ዐለት ይህን ትምህርት የምናሰላስልበት የተለየ መንገድ ይሰጠናል፤ ይህ ዐለት ራሱ አሸዋ ነበርና። በአሸዋና በዐለት መካከል ያለው ልዩነት የቅንጣቱ ዓይነት አይደለም። አንዱ የተበተነ፣ ሌላው የተያያዘ መሆኑ ነው። ብቻዋን ያለችውን የአሸዋ ቅንጣት ትንሽ ነፋስ ያነሣታል፤ ከሌሎች ጋር በተጣበቀች ጊዜ ግን ቤተ መቅደስን ትሸከማለች።

የምእመናንም ነገር እንዲሁ ነው። እያንዳንዳችን ለብቻችን ደካሞች ነን። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የፍጹምነት ማሰሪያ ብሎ የጠራው ፍቅር (ቆላ. 3፥14) ሲያያይዘን፣ መሠረታችንም መንፈሳዊው ዐለት ክርስቶስ ሲሆን (1ኛ ቆሮ. 10፥4)፣ መንፈሳዊ ቤት ሆነን እንታነጻለን (1ኛ ጴጥ. 2፥5)። ማጣበቂያው በተሟሟ ጊዜ ዐለቱ ተመልሶ አሸዋ እንደሚሆን ሁሉ ፍቅር በጠፋ ጊዜ ማኅበርም ይበተናል። ይህ መፍረስ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ጠብታ በጠብታ፣ ቃል በቃል፣ ቂም በቂም ነው። ለዚህም ነው አባቶች በጥቃቅን ኃጢአት እንዳንሸረሸር ዕለት ዕለት ንስሐ እንድንገባ የሚያሳስቡን።

ሁለተኛውም ትምህርት አለ። በዓለም ከምናያቸው ነገሮች ሁሉ ተራራ የጸና ይመስለናል። ገርዓልታ ግን ተራራም እንደሚያልፍ በግልጥ ያሳየናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ተራሮች ቢፈልሱ እንኳ የእግዚአብሔር ምሕረት እንደማይፈልስ ተናግሯል (ኢሳ. 54፥10)። ስለዚህ ወደ ገርዓልታ የሚወጣ ምእመን በዐለቱ ጽናት ብቻ ሊደነቅ አይገባውም፤ ከዐለቱ የሚበልጠውን ጽኑ ነገር ሊያስብ ይገባዋል።

ዛሬም የሚሸረሸረው ዐለት

ዐለቱን የቀረጸው ሂደት ዛሬም አላቆመም። ለሺህ ዓመታት በዝግታ የኖረው መሸርሸር በሰው እጅ ሊፋጠን እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ጉዳቶች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው የውኃ ስርገት ነው። በጣሪያው ላይ ያለው ስንጥቅ ሲሰፋ የዝናብ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል። ውኃው በዐለቱ ውስጥ ያለውን ጨው አሟምቶ ወደ ግድግዳው ላይ ያወጣዋል፤ ውኃው ሲደርቅ ጨው ይቀራል፤ ጨውም ሲጠጥር ሥዕሉ ያረፈበትን ገጽ ገፍቶ ያራግፈዋል። በግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የመንካት ጉዳት ነው። ብዙ ምእመናን ከፍቅር ብዛት ሥዕላቱን በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ በግንባራቸው ይነካሉ። የአንድ ሰው እጅ ጉዳቱ አይታይም። ላብና ቅባት ያለበት የሺህ ሰዎች እጅ ግን ቀለሙን ይፍቃል። ከግድግዳው ጋር የሚታከክ ልብስና የጀርባ ቦርሳም እንዲሁ ያራግፈዋል።

ሦስተኛው በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ስሕተት ነው። የተሰነጠቀውን ግድግዳ በሲሚንቶ መድፈን መልካም ሥራ ይመስላል። ሲሚንቶ ግን ከአሸዋ ድንጋይ ይልቅ ጠንካራና ውኃን የማያሳልፍ ነው። በዐለቱ ውስጥ ያለው እርጥበት በሲሚንቶው በኩል መውጣት ስለማይችል በዙሪያው ባለው ለስላሳ ድንጋይ በኩል ይወጣል፤ እርሱንም ያፈርሰዋል። በዐለቱ ውስጥ የሚተከል ብረትም ሲዝግ እያበጠ ይሄዳል፤ ድንጋዩንም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለእድሳት ገንዘብ የሚሰበስቡ ማኅበራትና በጎ አድራጊዎች ከሥራው በፊት የሀገረ ስብከቱን ፈቃድና የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎችን ምክር መያዝ አለባቸው። በቀና ልብ የተሰጠ ብር ያለ እውቀት ከዋለ በረከቱን እናጣለን፤ መቅደሱንም እንጎዳለን።

አራተኛው ስም መቅረጽና ድንጋይ መሸራረፍ ነው። ለስላሳ ዐለት በስለት በቀላሉ ይቀረጻል። “መጥቼ ነበር” ለማለት በቤተ መቅደስ ቅጥር ላይ ስምን መጻፍ ስም ማስጠራት አይደለም፤ ስማችን ሊጻፍ የሚገባው በሕይወት መጽሐፍ ነው። ለበረከት ብሎ ከዐለቱ ሸርፎ መውሰድም እንዲሁ አይገባም። በረከት ካህኑ በመስቀሉ ባርኮ የሚሰጠን፣ በጸሎትና በሥጋ ወደሙ የምናገኘው ነው።

ተጓዡ ምእመን ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

ዝግጅት ከቤት ይጀምራል። ከንስሐ አባት ጋር መመካከር፣ በተቻለ መጠን ንስሐ ገብቶ መጓዝ፣ የቅዱሱን ገድል አስቀድሞ ማንበብ ወይም መስማት ጉዞውን ከሽርሽር ይለየዋል። ልብስ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚገባ መሆን አለበት። ነጠላው ግን በዳገቱ ላይ እግር እንዳይጠላልፍ ወገብ ላይ ታስሮ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደረስ በሥርዓቱ ይለበሳል። ወደ መቅደስ ስለ መግባት ያለው ሥርዓት በየስፍራው ሊለያይ ይችላልና አስቀድሞ ካህናቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በደብረ ዳሞ ለምሳሌ ሴቶች ወደ ተራራው አይወጡም፤ በጉሕ ግን እናቶች ይሳለማሉ።

ጊዜን መምረጥም ተገቢ ነው። የአሸዋ ድንጋይ በረጠበ ጊዜ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ያሙለጨልጫልም። በሐምሌና በነሐሴ፣ ወይም ዝናብ ከጣለ በኋላ ወዲያው፣ ቀጥ ያሉትን ገደሎች መውጣት አደገኛ ነው። በበጋም ቢሆን ዐለቱ ሳይግል በማለዳ መነሣት ይመረጣል። የሚጠጣ ውኃ መያዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያለበትን ካህን ቀድሞ ማግኘት፣ መንገዱን ከሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች ጋር መውጣትም ያስፈልጋል። እነርሱ እግር የሚያርፍበትን እያንዳንዱን ቀዳዳ ያውቃሉ። ድካማቸውን የሚመጥን ክፍያ በአግባቡ መክፈል፣ ለቤተ ክርስቲያኑም በሙዳየ ምጽዋት መስጠት ይገባል።

በጉሕ ተጓዡ ጫማውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳይሆን ገና ከገደሉ ሥር ነው። ሙሴ የቆመባት ምድር የተቀደሰች ስለ ሆነች ጫማውን እንዲያወልቅ ታዝዞ ነበር (ዘፀ. 3፥5)። እዚህም ቅድስናውና ጥንቃቄው በአንድነት ይገናኛሉ፤ ባዶ እግር ዐለቱን ከጫማ ይልቅ ይይዘዋልና፤ የቆዩትንም መረገጫዎች እንደ ጫማ አይሸራርፋቸውም።

በውስጥ ከተገባ በኋላ ግድግዳውን አለመደገፍ፣ ሥዕላቱን በእጅ አለመንካት፣ ጧፍ ካህናቱ በፈቀዱት ቦታ ብቻ ማብራት፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ መጠየቅና ቢፈቀድም የካሜራን ብልጭታ መተው ይገባል። ሥዕልን መሳለም በመስገድና በልብ ይሆናል። በቅዳሴ ጊዜ ደግሞ ካሜራን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይሻላል።

በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚሆን ፎቶግራፍ ለማንሣት መሽቀዳደም ከመንፈሳዊ ጉዞ ጋር አይስማማም። ጌታችን ዲያብሎስ ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በፈተነው ጊዜ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል (ማቴ. 4፥5-7)። “ቅዱሱ ይጠብቀኛል” ብሎ አላስፈላጊ አደጋ ውስጥ መግባት እምነት አይደለም።

በዕድሜ የገፉ፣ የታመሙ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም ከፍታ የሚያዞራቸው ምእመናን መውጣት ባይችሉ ሊያዝኑ አይገባም። በረከት በሜትር አይለካም። ከተራራው ሥር ሆኖ በእምነት የሰገደና የጸለየ ምእመን ጫፍ ድረስ ከወጣውና ልቡ በሌላ ነገር ከተያዘው ይልቅ ሊጠቀም ይችላል። ለመውጣት ወይም ለአካለ ስንኩላን የማይመቹ ካልሆኑት መካከልም በመንገድ ዳር ያሉትን አብርሃ ወአጽብሐንና ውቅሮ ቂርቆስን መሳለም ይቻላል፤ እነርሱም ከዐለት የተፈለፈሉ ናቸው።

ማጠቃለያ

እግዚአብሔር በጥበቡ አሸዋን ዐለት አደረገ፤ በውኃና በነፋስም ቀረጸው። አባቶች ደግሞ በጾምና በጸሎት ተግተው ከዚያ ዐለት መቅደስ አወጡ። ከእነርሱ የተቀበልነው የሚታይ ነገር ብቻ አይደለም፤ የመጠበቅም አደራ አለብን። ዐለቱ የማያልፍ አይደለም፤ ሆኖም በእኛ ቸልተኝነት ከጊዜው በፊት እንዲፈርስ ማድረግ በታሪክም በእግዚአብሔርም ፊት ያስጠይቀናል። የአካባቢው ካህናትና ምእመናን በደግ ዘመንም በክፉ ዘመንም እነዚህን መቅደሶች ሳይተዉ ጠብቀዋል። እኛ ደግሞ ስንሳለማቸው በጥንቃቄ፣ ስንረዳቸው በእውቀት፣ ስናስታውሳቸውም በጸሎት ልናግዛቸው ይገባል።

የአቡነ ይምዓታና የተስዓቱ ቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።